የቀናሁበት ግሪክ

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ አንድ አናጢ ሱቅ ከፍቷል። በቀደም ለታ ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ ሰውየው ያን የኤሌክትሪክ መጋዙን አስነስቶ አንድ ደረቅ ግንድ መሰንጠቅ ጀመረ። ጩኸቱን ለምጄዋለሁ። ያባነነኝ ሽታው ነው። ጥድ ነበር። ያረጀ ጥድ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሽታ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስጠርብ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ዋንዛውም ወይራውም ዝግባውም በእጄ አልፏል፤ ሽታ ብርቄ አይደለም። ያን ጠዋት ግን ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦ አልነሳም አለኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የድሮ ትውውቄ ነው። ቅናት ነው። ይኸው ሰማንያ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ፣ ክርስቶስ ሳይወለድ በሞተ ሰው እቀናለሁ።

ሰውየው ታሌስ ይባላል። ግሪክ ነው። ስሙን በገዛ እጄ ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትደርስበታለህ። እኔ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልዘልቅ አቋርጬ ምሳር የያዝሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጽሕፈቴ እንደ አካሄዴ ነው፤ ቀስ ይላል፣ አንዳንዴም ይወላገዳል። ታግሰህ አንብበኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አገራችን ከደብረ ታቦር ወጥቶ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ተረተር ላይ ነው። እጮኛ ነበረችኝ። አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ከትምህርት ቤት ያስወጧት ለእኔ ስትታጭ ነው፤ ዘግይታ ስለጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ነበር። ያን ጊዜ ይህን እንደ በደል አላየሁትም። የታጨች ልጅ ደብተር ይዛ ስትዞር ማየት ለእኔም ለአባቷም ደስ አይለንም ነበር። እሷ ምን እንዳለች አላውቅም፤ የጠየቃት ሰው ያለም አይመስለኝ።

በዚያው ዓመት ነው አባቷ ከግቢያቸው ዳር ያለችውን ቤት ለአንድ አዲስ አስተማሪ ያከራዩት። ከጎንደር ከተማ የመጣ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ከኮቱ እጅጌ ጠመኔ የማይጠፋ፣ ሲናገር እጁ የሚሮጥ። ማታ ማታ እራት እስኪቀርብ አባቷ ጠርተው ያስቀምጡታል፤ እሱም ወግ ያወጋል። እኔም አልጠፋም። ለአማችነት የታጨ ሰው እንዲያ መመላለሱ ነውር ነው፤ ሰበብ ግን ሞልቶኛል። ዛሬ ሞፈር፣ ነገ ቀንበር፣ ከነገ ወዲያ መቀርቀሪያ። ምንም ያልሆነ በራቸውን ሦስት ጊዜ ነቅዬ መልሼ ገጠምሁት። የልጅቱ እናት አንድ ቀን፣ «ይህ በር ዘንድሮ ምን ነካብን፣ ሲያዩት ደህና ነው» ብለው ሳቁብኝ።

የታሌስን ነገር ያወጋው ከነዚያ ምሽቶች ባንዱ ነው። ከባሕር ጠረፍ ባለች ሚሊጢን በምትባል ከተማ ይኖር ነበር አለ። የደብራችን የአብነት መምህር፣ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ፣ እዚያው ተቀምጠው ነበርና «ሚሊጢንማ ጳውሎስ ያለፈባት አገር ናት» አሉ ደስ ብሏቸው። ሰውየው ግን ከጳውሎስ በጣም የቀደመ ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ነጎድጓዱንም የምድር መንቀጥቀጡንም በጣዖቶቻቸው ቁጣ ያሳብቡ ነበር አለ አስተማሪው። ታሌስ ግን፣ ይህ የምናየው ሁሉ ከምን ተሠራ ብሎ ጠየቀ። ጠይቆም አልቀረ፣ ከውሃ ነው አለ። ድንጋዩም፣ እንጨቱም፣ ሥጋችንም መነሻው ውሃ ነው፤ ምድርም ራሷ እንደ ግንድ ውሃ ላይ ተንሳፋ ነው ያለችው አለ። ደግሞ ፀሐይ የምትጠቁርበትን ዓመት አስቀድሞ ተናግሮ፣ እንዳለውም ጠቁራ፣ ሲዋጉ የነበሩ ሁለት ሠራዊቶች ደንግጠው ታረቁ አለ።

እኔ መቀርቀሪያዬን እየሞረድሁ ነበር። በልቤ፣ ይህ ሰው ደረቅ ግንድ ሲንሳፈፍ አይቶ ነው፤ እርጥብ ወይራ ቢጥልበት ኖሮ ሲሰጥም ያየው ነበር አልሁ። ቀና ስል እሷን አየኋት። ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ የያዘችውን ሰፌድ ረስታዋለች፤ ምስሩ በጎን እየፈሰሰ ነው። እንደዚያ ስትሰማ አይቻት አላውቅም። እኔ ስናገር እንኳን ሰፌድ መርፌም ከእጇ አይወድቅ።

በነጋታው ማለዳ በምንጩ መንገድ ላይ አገኘኋት። ገብሱ ጤዛ ተሸክሞ አጎንብሷል፤ ፀሐይዋ በጉና በኩል ብቅ ማለቷ ነው። እንስራዋን አስቀምጣ አንድ ዘለላ ያዘችና ጠብታውን በጣቷ ነካችው።

«ይህ ማታ አልነበረም። ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ከእግዜር ነዋ።»

«እግዜርማ ላከው። በየት በኩል ላከው ነው የምለው።»

እንስራዋን አሸከምኋት፤ ሄደች። ታሌስ ግን መልስ እንዳለው ከፊቷ አውቄያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ሌላ ሆነች። ድስት ሲፈላ ክዳኑን ታነሳና ከስሩ የተንጠለጠለውን ውሃ ታያለች። በረዶ ሲጥል ሰው ወደ ቤት ሲሮጥ እሷ መዳፏን ዘርግታ ትወጣለች። እናቷ ጠበል ይውሰዷት አይውሰዷት ሲያመነቱ ነበር። በአስተማሪው ብቻ ብቀና ኖሮ ወግ በሆነ ነበር። ያ ሰውነት በአንድ እጄ ወገቡን ይዤ ከአጥር ማዶ የማስቀምጠው ነው። ደግሞ ልጁ ጨዋ ነው፤ ዓይኑን እሷ ላይ ሲያሳርፍ አላየሁትም። እሷም እሱን አታየውም፤ የምትጠብቀው ከአፉ የሚወጣውን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ግሪክ ነው። ቤት የለው፣ ርስት የለው፣ የሚያንቁት አንገት የለው፤ እንዲያው ገብቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠረብሁላትን የልብስ ሣጥን ወስጄ ባሳያት በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና፣ «ይህም ድሮ ውሃ ነበር» አለች። ሣጥኔን ውሃ አደረገብኝ።

አንድ ቀን ደግሞ አስተማሪው ራሱ ጉዱን አወጣበት። ታሌስ ከዋክብት እያየ ሲሄድ ጉድጓድ ገባ፣ አንዲት ገረድም አይታ ሳቀችበት ብሎ አወጋ። እኔ ያን ሰሞን ለብቻዬ እየሳቅሁ ነው ግንድ የፈለጥሁ። ቀን ጠብቄ፣ እህል ስታሰጣ አጥራቸውን ተደግፌ ቆምሁ።

«ያ ሊቅሽ ጉድጓድ ገባ አሉ» አልኋት።

«ሰምቻለሁ።»

«ከእግሩ ስር ያለውን የማያይ ምኑ ሊቅ ነው?»

እህሉን በእጇ እያሰራጨች ቆየች። «አንተ ግንድ ተሸክመህ ስንት ጊዜ ወድቀሃል?» አለች።

«ብዙ ጊዜ ነዋ።»

«ምን ሲያይ ወደቀ ብሎ የጠየቀልህ አለ?»

ሳቄን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

የጥዱ ነገር የመጣው የዚያ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። በደብሩ ቅጥር ውስጥ ዕድሜውን ማንም የማያውቀው ጥድ ነበር። ባለፈው ክረምት መብረቅ መትቶት ጫፉ ደርቋል፣ ራሱም ወደ ዕቃ ቤቱ ዘምሟል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የብራና መጻሕፍቱና አልባሳቱ አሉ። የኔታ የሚቀጥለው ክረምት ንፋስ ሳይመጣ ይውረድ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። የደብር ዛፍ ቁረጥ መባል በእኛ ዘንድ ክብር ነው፤ ለማንም አይሰጥም። የልጅቱ አባትም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለነበሩ ደረቴ ሰፋ።

ችግሩ መጣያ ማጣት ነው። በምዕራብ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በደቡብ የተማሪዎቹ ጎጆዎች፣ በምሥራቅ መቃብር። የቀረው ሰሜኑ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዕቃ ቤቱ አለ። ከጥዱ እግር እስከ ዕቃ ቤቱ ደፍ ስንለካ አርባ ሦስት ክንድ ሆነ። ጥዱ ከዚያ ካነሰ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ይቀራል፤ ከበለጠ ጣራውን ይዞት ይወርዳል። ወጥተው እንዳይለኩት ጫፉ የበሰበሰ ነው፤ ሰው አይሸከምም። እኔ ቀና ብዬ አይቼ፣ ሠላሳ ስምንት ክንድ ነው አልሁ። ዓይኔ ስቶ አያውቅም ብዬም ጨመርሁ።

አስተማሪው ከኋላ ቆሞ ነበር። በትሕትና፣ ከፈቀዳችሁልኝ ሳንወጣበት ልንለካው እንችላለን አለ። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ታሌስ ግብፅ ወርዶ፣ ያን የድንጋይ ተራራ የሚያህለውን የነገሥታት መቃብር በጥላው እንደለካው ነገራቸው። ሰው ጥላው ከቁመቱ ጋር እኩል የሚሆንባት ሰዓት አለች፤ በዚያች ሰዓት የዛፉም ጥላ ከዛፉ ጋር እኩል ነው አለ። እኔ የኔታ ይገሥጹታል ብዬ ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ግን ጺማቸውን እየዳበሱ ፈገግ ብለዋል።

«እኛስ ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን አውቀን ጾም የምንፈታው በምን ሆነና? የቆምንበትን ጥላ በጫማችን ሰፍረን አይደለም?» አሉ። «ሰውየው ሥራ ያውቃል።»

እሳቸውንም ወሰደብኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተሰበሰብን። ወንዱ ውስጥ፣ ሴቶቹ ከቅጥሩ ደጅ። አስተማሪው አንተ ረጅም ስለሆንህ አንዴ መሬት ላይ ተጋደምልኝ አለኝ፤ ከተረከዜ እስከ አናቴ ችካል ሊተክል ነው። ደሜ ፈላ።

«በደብር ግቢ ሰው ተጋድሞ የሚለካው ሲሞት ነው» አልሁት።

ሰው አጉረመረመ፤ እውነትም መቃብር ቆፋሪ ነው እንዲያ የሚለካ። አስተማሪው ኮቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ራሱ አፈሩ ላይ ተንጋለለ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እሷ ግን አልያዘችም። አንገቷን አስግጋ ችካሎቹን ትመለከታለች። ከዚያ ተነስቶ አንዱ ችካል ላይ ቆመና የጥላው ራስ ሌላው ችካል ላይ እስኪደርስ ጠበቀ። ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ ጥላ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። የእርግቦቹ ድምፅ እንኳ ይሰማል። የጥዱ ሽታ በሙቀቱ ይወጣል። ጥላው እንደ ቅማል እየዳኸ መጣ፣ መጣ፣ ነካ።

«አሁን» አለ።

የጥዱ ጥላ የወደቀው በምሥራቅ በኩል መቃብሩ ላይ ነው። መቃብር መረማመድ ነውር ስለሆነ የኔታ አንድ ሰው ብቻ ይግባ አሉ፤ ቆራጩ እኔ ነኝና እኔን ፈቀዱልኝ። በየአሥር ክንዱ የተቋጠረ ጠፍር ይዤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አሥር። ሃያ። ሠላሳ። አርባ ላይ የአባቴ መቃብር ነው። ጥላው ግን አልቆመም፤ አባቴን አልፎ ሄዷል። ተከተልሁት። አርባ ስድስት ክንድ።

ዞር ስል ሁሉም ሩቅ ናቸው። ጫፉን ከእኔ በቀር የሚያይ የለም። ያን ጊዜ ያሰብሁትን አልደብቅህም። ስድስት ክንድ ባጎድል፣ ጥዱ ሲወድቅ ጫፉ የዕቃ ቤቱን ጣራ ይነካል። ክዳኑን እኔው መልሼ እከድነዋለሁ። ያ ግሪክ ግን በሰው ሁሉ ፊት ይዋረዳል፤ እሷም ከጭንቅላቷ ታወጣዋለች። ወደ አባቴ መቃብር ተመልሼ እዚያ ቆምሁና፣ «አርባ» ብዬ ጮህሁ። አስተማሪው ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሰው እፎይ አለ። አባቷም፣ የእኔ አማች በዓይኑ ብቻ ከሞላ ጎደል ደርሶበት ነበር እኮ ብለው አመሰገኑኝ።

ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ ከጀርባዬ መጥታ አነበበችና፣ ዛሬ እኮ በስልክ ዛፍ ይለካል አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጸሎት ደርሶ፣ የኔታ ጥዱን ሦስት ጊዜ ዞረውት፣ ምሳሩን ባርከው ሰጡኝ። ከዚያ ልባቸው አልጸና ብሎ፣ ለማንኛውም መጻሕፍቱን እናውጣ ይሆን አሉ። አስተማሪው አያስፈልግም አለ። ሰው ሲያመነታ ያየ ጊዜ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሄዶ ዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለእኔ። «እኔ እዚሁ ነኝ፤ ሦስት ክንድ ይተርፈኛል» አለ እየሳቀ።

እኔ መቁረጥ ጀመርሁ። ምን ላድርግ ትለኛለህ። ፍላጩ እየበረረ ይወጣል፣ ያ ሽታ ጉሮሮዬን ይዞታል፣ ሰዉ እያየኝ ነው። የሚመለስበት መንገድ ጠፋኝ። ይሸሻል፣ ሲዘም አይቶ ይሸሻል እያልሁ እመታለሁ። እንዳይሸሽ ግን አውቃለሁ፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው አይሸሽም። እርግጠኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ላብ ልጠርግ ቀና ስል በቅጥሩ በር በኩል እሷን አየኋት። ለሠራተኞቹ ውሃ ይዛ መጥታለች። አስተማሪው የት እንደቆመ አይታለች። ትደነግጣለች፣ ለእሱ ስትሳሳ ልያት፣ ቅናቴ እውነት ይሁንልኝ ብዬ ፊቷን መረመርሁ። አልደነገጠችም። ዓይኗ እሱ ላይ አልነበረም፤ እኔ ላይ ነው። ያለ ሥጋት ነው የምታየኝ፣ ሰው የራሱን ቤት በር እንደሚያይ። ቁጥሩን የጠራሁት እኔ ነበርሁና።

ምሳሩን ጣልሁት።

«ከዚያ ዞር በል» አልሁት አስተማሪውን። «ጥላው አርባ ስድስት ክንድ ነው።»

አስተማሪው ቀስ ብሎ መጣና፣ በመቃብሮቹ መካከል ቆጠራው ተደናግሮህ ነው አይደል አለኝ። መውጫ በር እየከፈተልኝ ነው። ያን ማድረጉ ራሱ አናደደኝ።

«አልተደናገርሁም» አልሁ። «አውቄ ነው ያጎደልሁት።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ ያሉኝና የሰጡኝ ንስሐ በእኔና በእሳቸው መካከል ነው። የልጅቱ አባት ጥለው ወጡ። ጥዱን በኋላ የጣልሁት እኔው ነኝ፤ በዙሪያው የእንጨት እርብራብ ሠርቼ፣ ከመሬት ስድስት ክንድ ከፍ ብዬ ቆረጥሁት። ሲወድቅ ምድር ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው ሲረግብ ጫፉ ከደፉ ሦስት ክንድ ቀርቶ ተጋድሟል። አስተማሪው እንደ ሕፃን ሳቀ። ግሪኩ ልክ ነበር። እግዜር ይይለት፣ ልክ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቷ፣ ለውሸታም ልጄን አልሰጥም ብለው ላኩብኝ። እህል አልቀምስ አልሁ። ሽማግሌ ልላክ ብል የሚሄድልኝ ጠፋ። የሄደልኝ ማን መሰለህ? አስተማሪው ነው። የኔታን ይዞ ሳልጠይቀው ሄደ። ምን እንዳለ የኔታ ነገሩኝ። «ምሳሩ በእጁ ነበር፤ ዝም ማለት ይችል ነበር» ብሎ ነው የተከራከረልኝ። አባቷ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ እሷ ትጠየቅ አሉ። በዕድሜዋ ሰው ሲጠይቃት ያ መጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። እሺ አለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንተ ብትሆን ደስ ይልህ ነበር። እኔን ግን ይብስ አቃጠለኝ፤ ሚስቴን ያገኘሁት በዚያ ሰው ምሕረት ነው፣ በዚያ ግሪክ ምሕረት። ከሠርጉ በፊት ምንጩ ዘንድ ጠብቄ አስቆምኋት። በእኛ አገር ግዝት የሚባል ነገር አለ። በጻድቅ በመልአክ ስም ጠርተህ ይህን እንዳታደርጊ ካልህ ተዘጋ ማለት ነው፤ ግዝት የጣሰ ሰው በነፍሱ ፈረደ፤ የሚፈታውም የገዘተው ሰው ወይም ካህን ነው። እኔ በሚካኤል ገዘትኋት። ቤቴ ከገባሽ በኋላ የዚያ ሰው ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ አልሁ።

እንስራዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር። ፈቀቅ አላደረገችውም።

«ስሙን ብቻ?» አለች።

«ስሙንም፣ ያለውንም፣ እሱን የሚያስታውስሽንም ነገር ሁሉ።»

«ያ እኮ ብዙ ነው» አለች። ቀጥላም «እሺ» አለች።

ጠበቀችው። አስተማሪው በዓመቱ ወደ እብናት ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውንም አልሰማን። እኛ አምስት ልጆች ወለድን። መልካም ሚስት ናት፤ ክፉ አልወጣትም፣ ፊቷን አላጠቆረችብኝም። እንደ አገሩ ደንብ ከሠርጉ ማግስት ጀምራ አንቱ አለችኝ። አንዳንድ ጠዋት ደጅ ቆማ የገብሱን ጤዛ ስታይ አያታለሁ። አፏ ይከፈታል፤ መልሳ ትገጥመዋለች። «ባቄላው ደርሷል» ትለኛለች። ድስት ስትከፍት ክዳኑን ወዲያው ትደፋዋለች። መጀመሪያ ላይ፣ አሸነፍሁ ብዬ ተኛሁ። ከዓመታት በኋላ ነው ቤቱ ዝም እንዳለ የገባኝ።

አንድ ጊዜ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ፀሐይ በጠራራው ጠቆረች። ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ ወጡ፣ ውሻው አላዘነ። ልጆቹ እየጮኹ ሮጠው ቀሚሷ ስር ገቡ፤ እማዬ ምን ሆና ነው፣ ፀሐይ ምን ሆና ነው ይሏታል። እሷ ሰማዩ ላይ አፍጥጣ ነበር፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ከፍርሃት እንዳይደለ እኔ አውቃለሁ። ወደ ልጆቹ ጎንበስ አለች። እንድትናገር ፈለግሁ። በሚካኤል፣ የዚያን ጊዜ ብትናገር እግሯን እስም ነበር።

«አባታችሁን ጠይቁ» አለቻቸው።

እኔም «የእግዜር ሥራ ነው» አልኋቸው። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ያን ጊዜ ልፈታት ይገባ ነበር፤ እልኸኛ ነኝ፣ አልፈታኋትም። በቀደም ያ ሽታ ከመጣብኝ በኋላ ግን ሦስት ቀን ተብሰልስዬ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። ወጣት ቄስ ናቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸው መጣባቸውና ዋጡት። ጸሎት አድርገው ፈቱልኝ። በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስሁ። እሷ ደጅ፣ ከግድግዳው ጥግ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ያን ግዝት አስፈትቼዋለሁ» አልኋት።

«የቱን ግዝት?»

«የግሪኩን። የታሌስን።»

ስሙን ከአፌ ስትሰማ ቀና አላለችም። ጠጠር አገኘች፣ ወረወረች፣ ሌላ ፈለገች።

«ይተዉት» አለች። «ረስቼዋለሁ።»

እውነቷን ይሁን አይሁን ማወቅ አቃተኝ። ሃምሳ ምናምን ዓመት አብሬያት ኖሬ ማወቅ አቃተኝ። ከዚያ ብልጠት መጣልኝ። አሳስቼ ላናግራት ብዬ፣ ታርመኛለች ብዬ፣

«ሁሉም ነገር ከአፈር ነው ብሎ ነበር አይደል?» አልኋት።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። አየሁት፤ ጣቶቿ እህሉን እንደነኩ ቆሙ። ጠበቅሁ። ባጃጁ ዞሮ ሄደ። ልቤ እንደ ጎረምሳ ይመታል። ከዚያ ጣቶቿ ቀስ ብለው መልቀም ጀመሩ።

«አንቱ ካሉ ይሆናል» አለች።